የእማ ሰማንያ ዘጠኝ

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ሰማንያ ዘጠኝ ነው የሚለው። ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት፤ መነጽሬን ጠርጌ አየሁት፤ ያው ነው። 00089።

ከሥሩ ልጻፈው፤ አለዚያ ነገ ለራሴም አይገባኝ። ትናንት የእማን አርባ አወጣን። እንግዳው ሲበተን አክስታችን እቴ ፋጡማ እኔንና ወንድሜን ጀማልን ጓዳ ጠርተው እስከ ዛሬ ያልሰማነውን ነገሩን። ያኔ ጀማል በበረሃው መንገድ ወደ ሳዑዲ ሲሄድ አራት ወር ድምፁ ጠፍቶ ነበር። እማ ለካ ተስላለት ኖሯል፤ «ልጄ በሕይወቱ ይችን ግቢ ከረገጠ መቶ ሺህ ጊዜ ላ ኢላሃ ኢለላህ እላለሁ» ብላ። ልጇ ተመልሶ ግቢውን ረገጠ፤ እሷም ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ተኩል ያህል ኖረች። ስለ ስለቷ ግን ለእኛ ትንፍሽ አላለችም። ለአላህ የሰጡትን ለሰው አያወሩም ባይ ነበረች።

ዛሬ ጠዋት የቆርቆሮ ሳጥኗን ከፈትን። መታወቂያዋ፣ አንድ ያልተነካ ሻሽ፣ የተቋጠረ የበቆሎ ዘር፣ ከሥር ደግሞ የጣት ቆጣሪዋ። እንደ ቀለበት የምትጠለቅ፣ በተጫኗት ቁጥር አንድ የምትጨምር ፕላስቲክ ናት። እማ እኮ አታምናትም ነበር። «ማሽን አላህን አይፈራም» ትልና በቀኝ እጇ ሙስበሃዋን ይዛ ፍሬ በፍሬ ትቆጥራለች፣ በግራዋ ቆጣሪዋን ትጫናለች። አንድ ፍሬ፣ አንድ ጫን። ሁለት ምስክር መሆኑ ነው።

ከሳጥኑ ያገኘናት ምስክር የምትለው ይኸው፤ ከመቶ ሺህ ሰማንያ ዘጠኝ።

ጀማል ቆጣሪዋን መዳፉ ላይ አድርጎ አነበባት። «የሙስበሃዋን አንድ ዙር እንኳ አልሞላችልኝም» አለና ወጣ።

የቀረው 99,911 ነው። ገጹ ጥግ ላይ ጽፌዋለሁ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ቁጥር ካየሁ እጄ አርፎ አይቀመጥም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

እናቷ የሞተችባት ሴት ቁጥር ስታገላብጥ ትውላለች? እኔ ዋልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ያሰብኩት ቀላል ነገር ነበር። የእማን ቀሪ ለዘመድ እናካፍለው፤ ለስንት ሰው ይዳረሳል?

99,911 ግን ኩሩ ቁጥር ሆነብኝ።
ለሁለት፣ አይሆንም፤ ጎዶሎ ነው።
ለሦስት፣ አሃዞቹ ሲደመሩ 29 ናቸው፤ አይሆንም።
ለአምስት፣ አንድ ይተርፋል። ያቺን አንዷን ማን ይበላት?
ለስድስት፣ ሁለትም ሦስትም እምቢ ካሉ እሱን መጠየቅ ምን ያደርጋል።
ለአሥራ አንድም ሞከርኩ፤ አይ።

ከራሱና ከአንድ በቀር ማንንም የማያስጠጋ ብቸኛ ቁጥር ነው ብዬ ልተወው ስል ሰባትን እንደዘለልኩት ትዝ አለኝ። ሰባትን ሁሌ እዘለዋለሁ፤ ተማሪዎቼን የምቆጣበት ጥፋት። የመጨረሻዋን አሃዝ ነጥሎ እጥፏን ከቀረው መቀነስ ነው። 9,991 ሲቀነስ 2፣ 9,989። 998 ሲቀነስ 18፣ 980። 980 ደግሞ ሰባት ጊዜ 140!

99,911 = 7 × 14,273።

14,273ንም ያዝኩት፤ እሱም ለሰባት ተካፈለ፤ 2,039። 2,039 ላይ ግን ነገሩ ቆመ። እስከ 43 ድረስ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ ሞከርኩበት፤ አንዱም አልገባለት። ከዚያ በላይ መሄድ አያስፈልግም፤ 46 በ46 ሲባዛ ያልፈዋል።

99,911 = 7 × 7 × 2,039።

ሰባት ሰው፣ ሰባት ቀን፣ በቀን 2,039። እኔ፣ ጀማል፣ እቴ ፋጡማና አራቱ ልጆቻቸው ሰባት ነን! ትርፍ የለ፣ ጉድለት የለ። እማ ሆን ብላ የለካችልን መሰለኝና ሮጬ ለጀማል ነገርኩት።

ወረቀቱን አየና «ሒሳብሽ ጥሩ ነው። ሰዎቹን ግን አውጫቸው። ሰባቱም እኔ ነኝ» አለኝ።

«በቀን አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ሰባ ሦስት? ጀማል፣ አብደሃል?»

«ያካፈልሽው አንቺ ነሽ።»

ከዚያ የማላውቀውን ነገረኝ። በመጣ በሦስተኛው ወር ለእማ «እንደገና እሄዳለሁ» ብሏት ኖሯል። በሬ ሸጣ ባጃጅ ገዝታለት ሳለ! ተነስታ ወጣች። «ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ይሆናል ያልኳት» አለኝ። «ያኔ መመለሴ ከልቧ ወጣ። ተወችው።»

ሰባቱን ቀን ከጨረሰ በኋላ ይሄዳል። በዚያው በመጀመሪያው መንገድ። ባጃጇን አሊ የሚባል ጓደኛው ሊገዛት ነው።

ጠዋት በቁጥር ስፈነጥዝ ነበር። አሁን የዚያን ሰባት አንገት ባንቀው ደስ ይለኛል።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ ተቀምጧል። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ የእማ መስገጃ ላይ።

የእማን ቆጣሪ እንዲነካት አልፈቀድኩም። በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌባታለሁ። ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። አንድ ጊዜ ብትጫን 90 ትሆናለች፣ እማም ያላለችውን ያለች ትመስላለች፤ እሱ ሳያስፈራኝ አልቀረም። ለጀማል ሌላ ልገዛለት ወደ ገበያ ወረድኩ።

«ስንት ድረስ ይቆጥራል?» አልኩት ባለሱቁን።

«አምስት ቤት አለው። ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ወላሂ እህቴ፣ እዚያ የደረሰ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም።»

ሳቅሁ። እማ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዬ መሰለኝ።

ጀማል ምሳ አልበላም። የዛሬውን 14,273 ከመግሪብ ሶላት በፊት ጨረሰ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ድምፁ ሻክሯል። ማር በሙቅ ውኃ ሰጠሁት፤ በምልክት አመሰገነኝ።

ከሰዓት አሊ ባጃጇን ሊያይ መጣ። ደህና ልጅ ነው፤ ግን ዛሬ ጠላሁት። ጎማውን ረገጠ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ጎንበስ ብሎ ኪሎ ሜትሩን አነበበ፤ «አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት! ይች ገና ሙሽራ ናት እኮ!»

ጀማል ከውስጥ በዚያ በተቀደደ ድምፁ «ዞሮ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ስትገዛ ዘጠና ስድስት ሺህ ነበረች። ዞሮ ከዜሮ ጀመረ።»

ሻጭ እቃውን እንዲህ ሲያረክስ አይቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ ልጅ ነው። አሊ ዓርብ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

ስለዚህ እስከ ዓርብ ነው። ምን እንደማደርግ አላውቅም። እቴ ፋጡማን ልጥራቸው? ቢመክሩት ይሰማ ይሆን? ያን ጊዜ እማም መክራው ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ ቀሪ አስተምር ነበር። ምሳሌ ሲጠፋኝ ጊዜ በቤቴ ጉዳይ ሞላሁት፤ «አንድ ሰው 14,273ን በዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ሙስበሃ ቢቆጥር ስንት ዙር ይሄዳል? ስንትስ ይተርፈዋል?» መቶ አርባ አራት ዙር፣ አሥራ ሰባት ፍሬ ትርፍ። ከኋላ የምትቀመጠዋ ነገረኛ እጇን አወጣች፤ «ቲቸር፣ እናቴ ብትሆን አሥራ ሰባት ላይ አታቆምም። ዙሩን ትሞላለች።»

ቾኩን አስቀመጥኩ።

የእኔስ እናት! እማ ዙር አቋርጣ አታውቅም። በር ሲንኳኳ ጣቷን አንስታ ታስጠብቃለች። አንድ ጊዜ የጎረቤት ላም በቆሎዋ ውስጥ ገብታ እንኳ ዙሯን ጨርሳ ነው ዱላ ያነሳችው። ስትጨርስ የሙስበሃዋን ራስ ትስምና ግድግዳው ላይ ባለው ምስማር ትሰቅለዋለች። ጠዋት ሦስት ዙር፣ ከሰዓት ከአስር ሶላት በኋላ ሦስት። ታዲያ ሰማንያ ዘጠኝ ከየት መጣ? አሥር ፍሬ ሲቀራት ምን ሆነች?

አሥር። ይቺ አሥር አላስቀምጥ አለችኝ። በዕረፍት ሰዓት መቶ ሺህን ራሱን ለዘጠና ዘጠኝ አካፈልኩት። ለምን ከመጀመሪያው አላካፈልኩትም? በቀሪው በ99,911 ፍቅር ወድቄ ዋናውን ረሳሁት። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ እኔ ሰባትን ቀድጄ ይኸው ጀማል ገባበት።

መቶ ሺህ በሁለትና በአምስት ብቻ የተሠራ ነው። ሦስት የለበት፣ አሥራ አንድ የለበት። ስለዚህ በዘጠና ዘጠኝ ፍሬ መቶ ሺህ ላይ ልክ ማረፍ አይቻልም። 1,010 ዙር 99,990 ነው። አሥር ይጎድላል።

እሷ ደግሞ አሥር ብላ አታቆምም።

1,011 ዙር ብትል 100,089። ለማረጋገጥ ከቀኝ ጀምሬ ሁለት ሁለት አሃዝ ቆረጥኩት፤ 10፣ 00፣ 89። ድምሩ ዘጠና ዘጠኝ። ልክ ነው!

ቆጣሪዋ ግን አምስት ቤት ብቻ አላት። መቶ ሺህን የምትጽፍበት ቦታ የላትም። ዞራለች። እንደ ጀማል ባጃጅ ዞራ ከዜሮ ጀምራለች!

ስታፍ ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ። የፊዚክሱ መምህር ገብቶ ሲያየኝ መልሶ ወጣ።

ለጀማል ግን ገና አልነገርኩትም። ሁለት ነገር አላውቅማ። አንደኛ፣ የእማ ሙስበሃ በእርግጥ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ አለው? ዕድሜ ልኬን አየሁት እንጂ ቆጥሬው አላውቅም። ሁለተኛ፣ የሞተች ቀን የት ነበር? ምስማሩ ላይ ከሆነ ዙሩ ሞልቷል። እጇ ላይ ወይም ትራሷ ሥር ከሆነ ሰማንያ ዘጠኝ ያው ሰማንያ ዘጠኝ ነው። ያን ቀን ክፍሏን ያጸዱት እቴ ፋጡማ ናቸው፤ ሙስበሃውንም ለመታሰቢያ የወሰዱት እሳቸው። ስልካቸው አይሠራም። ነገ ግን የሮቢት ገበያ ነው፤ አይጠፉም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ለሌላ መምህር ሰጥቼ በሚኒባስ ከከሚሴ ጨፋ ሮቢት ሄድኩ። መንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው እየታጨደ ነው። እኔ መስኮቱን ይዤ በሆዴ የምጸልየው ስለ አንድ ቁጥር ነው። ያረቢ፣ ዘጠና ዘጠኝ ይሁን።

እቴ ፋጡማን የእህል ተራው ጋ አገኘኋቸው። «ኢንተላ ኮ!» ብለው ተነሱ፤ ልጄ ሲሉኝ ሁሌ በኦሮምኛ ነው። «ምነው ፊትሽ? ጀማል ሄደ እንዴ?»

«አልሄደም። እቴ፣ ሙስበሃው ይዘውታል?»

ከአንገታቸው አወጡት። ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። መቶ አንድ ሆነ።

ደግሜ ቆጠርኩ፤ መቶ አንድ። 100,089 ለመቶ አንድ አይካፈልም። ሁሉም ነገር ፈረሰ። እቴ ፋጡማ ከላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው ሳቁ።

«አስተማሪ ነኝ ትያለሽ? እኒህን ሁለቱን ጠፍጣፋዎች ምን አስቆጠረሽ? ሠላሳ ሦስት ስትደርሺ መለያ ናቸው። እነሱ ላይ ለነቢዩ ሰለዋት እንጂ ላ ኢላሃ ኢለላህ አይባልም። እናትሽም እነሱ ላይ ማሽኗን አትጫንም ነበር፤ አጠገቧ ሆኜ አይቻለሁ።»

ዘጠና ዘጠኝ። አልሀምዱሊላህ።

ሁለተኛውን ለመጠየቅ ፈራሁ። «ያን ቀን... ከየት ነው ያነሱት?»

«ከምስማሩ ነዋ። ከየት ላነሳው ኖሯል?»

ወረቀት አውጥቼ ማስረዳት ጀመርኩ። ሰሙኝ። ስለ ቀሪው፣ ስለ አምስቱ ቤት፣ ስለ መዞሩ። ምን ያህሉ እንደገባቸው አላውቅም፤ ስጨርስ ግን ዓይናቸው ሞልቶ ነበር። «ዱጋ» አሉ። እውነት ነው ማለታቸው ነው። «ማሽኗንስ ሳጥን ውስጥ የከተተቻት ጨርሳ አይደል? ያልጨረሰ ሰው መሣሪያውን ይሰቅላል እንጂ አይቆልፍም።»

ይሄን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ሙስበሃውን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝና «ለልጁ ስጪው» አሉኝ። ጫትን ከማሽላ ዋጋ ጋር አያይዘው ሲረግሙ ትቻቸው መጣሁ።

ቤት ስገባ ጀማል ተኝቷል። አራተኛ ቀኑን ጨርሷል፤ 57,092። ፊቱ ተጎድቷል። አልቀሰቀስኩትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ነገርኩት።

ጠዋት ሳይጀምር ሙስበሃውን ሰጥቼው፣ መስገጃው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም አስረዳሁት። 1,010 ዙር፣ አሥር ጉድለት። ከዚያ አንድ ሺህ አሥራ አንደኛው ዙር፤ አሥረኛዋ ፍሬ ላይ መቶ ሺህ ሞላ፣ ቆጣሪዋ 00000 አለች፣ ስለቱ አለቀ። ሙስበሃው ግን አላለቀም። እማ ቀጠለች፤ ሰማንያ ዘጠኝ ጨምራ ሰቀለችው።

በድምፅ ሳይሆን በትንፋሽ «ሰማንያ ዘጠኙ ትርፍ ነው?» አለኝ።

«ትርፍ ነው። ደግሞ ስማ፤ በቀን ስድስት ዙር ብትል አንድ ሺህ አሥራ አንድ ዙር ከአምስት ወር በላይ ይፈጃል። አንተ እሄዳለሁ ያልካት በሦስተኛው ወር ነው። በማግስቱም ብላለች፤ ከዚያም በኋላ ስትል ነው የከረመችው። በአንተ መመለስ ስታመሰግን ነው የሞተችው ጀማል።»

ቆጣሪዋን ከፌስታሉ አውጥቼ አሳየሁት። አልነካትም። ወንድሜ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ባያቋርጥ ኖሮ እኔን ያስተምረኝ ነበር፤ ምክንያቱም እንዲህ አለኝ፤ «አንደኛው ዙር ላይ፣ አሥረኛዋ ፍሬ ስትደርስ ወደ ዜሮ የምትመልሰዋን መሰረዣ ሳታውቅ ነክታ ቢሆንስ? ያኔም ዙሩን ሞልታ ስትሰቅለው ሰማንያ ዘጠኝ ይላል።»

ኮራሁበት፤ ተናደድኩበትም። ልዋሸው እችል ነበር። በቁጥር ግን ዋሽቼ አላውቅም።

«ይላል» አልኩት። «ግን ከዘጠና ዘጠኙ ፍሬ አሥረኛዋ ላይ ብቻ። በሌላ በየትኛዋም ፍሬ ላይ ብትሰርዘው ሰማንያ ዘጠኝ አይመጣም።»

«ከዘጠና ዘጠኝ አንድ።»

«ከዘጠና ዘጠኝ አንድ።»

ዛሬ አልቀጠለም፤ ግን ተወዋለሁም አላለም። ግድግዳው ጋ ዞሮ ተኛ። ያቺን አንዷን ብደብቀውስ ኖሮ? ቀኑን ሙሉ ራሴን ስረግም ዋልኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

አሊ በጠዋት መጣ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር።

ባጃጇ ታጥባለች። ጀማል መቼ እንዳጠባት አላየሁም። እሱ የእማ ክፍል ውስጥ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው። አሊ ሊጠራው ሲል ጣቱን ብቻ አነሳ፤ ቆይ አለው። እኔና አሊ በር ላይ ቆመን ጠበቅነው። የሙስበሃው ፍሬ ሲንሸራተት ይሰማል። ጨረሰ፣ የሙስበሃውን ራስ ሳመ፣ ምስማሩ ላይ ሰቀለው።

«ይች ለአንዷ ናት» አለኝ ሲወጣ።

«ለየትኛዋ?»

«ከዘጠና ዘጠኙ ለአንዷ። በየጠዋቱ አንድ ዙር።»

«የባጃጇስ ነገር?» አለ አሊ። ጀማል ራሱን ነቀነቀ፤ እምቢታ ነው። አሊ ትንሽ አጉረመረመና ትከሻውን መትቶት ሄደ። ጀማልም ሞተሩን አስነስቶ ወጣ።

ለዘለቄታው ይሁን ለዛሬ አልጠየቅኩትም። ሰው እንደ ቁጥር ቀሪው በአንድ ማካፈል አይወጣም። የእማን ቆጣሪ መልሼ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጥኳት፤ 00089 እንዳለች።

ከመግሪብ በፊት ገባ። እጁን ሲታጠብ ሹልክ ብዬ የባጃጇን ኪሎ ሜትር አነበብኩ። 04,371። ሰኞ 04,312 ነበረች። ሃምሳ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነድቶ ከከሚሴ አልወጣም።